ከጣና የመጣው ዋናተኛ

አይሱዙዋ ከደባርቅ ስትነሣ የጫነችው ሰባ ኩንታል ስኳርና ጨው፣ ሁለት ፍየል፣ አንድ የትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ የጃናሞራን ሕዝብ ግማሽ ነበር። አጋነነ የሚለኝ ሰው እዚያ ጭነት ላይ ተቀምጦ አያውቅም ማለት ነው። ሹፌሩ አብዮት በሳንቃበር ዳገት ማርሽ ሲቀይር ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣራቸውን ትተው ጆሯቸውን ይይዙ ነበር። ገደሉም ገደል ነው፤ ከላይ የተለቀቀ ድንጋይ ታች እስኪደርስ ሰው ሠርግ ደግሶ፣ አብልቶ፣ አጠጥቶ፣ እንግዳውን ይሸኛል።

ጊዜው ሰኔ 1999 ነው። አገር ሁሉ ሚሌኒየሙን እንደ ሙሽራ የሚጠባበቅበት፣ ሞባይል በአንገቱ ያንጠለጠለ ሰው እንደ ደጃዝማች የሚታይበት፣ የዚያም ሞባይል ኔትወርክ ከደባርቅ ወዲያ እንደ ፈሪ ጭፍራ የሚከዳበት ዘመን። ስለዚህ ጎንደር ላይ የሞተ ሰው የጃናሞራዋ ከተማ መካነ ብርሃን ላይ ገና በሕይወት አለ። ወሬው በመኪና ተጭኖ እስኪደርስ ድረስ ይኖራል።

ወሬውን የጫኑት ሁለቱ ሰዎች ከሸራው ጫፍ ገመድ ጨብጠው ተቀምጠዋል። አንደኛው አያ ላቀው ነው፤ ጎንደር ማራኪ ሠፈር ግቢውን ለተማሪ የሚያከራይ ግንበኛ። እርሱ ሲያወራ የፋሲልን ግንብ ያደሰው ብቻውን ነው፤ ነጮቹ መሐንዲሶች ጭቃ አቀባዮቹ ነበሩ። ሁለተኛው የማክሰኝቱ ልጅ የሺዋስ ነው፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። የሞተው ደግሞ እንግዳው፣ የአያ ላቀው የሥጋ ዘመድ፣ ከየሺዋስ ጋር በአንድ ክፍል፣ በአንድ ፍራሽ፣ በአንድ ድስት የኖረ የመካነ ብርሃን ልጅ። ቀሃ ወንዝ ወሰደው። በማግሥቱ ከታች አግኝተውት፣ መንገዱ ሩቅ፣ ዝናቡም ክፉ ስለሆነ እዚያው ጎንደር ቀበሩት። እናቱ እማዋይሽ ይህን አታውቅም።

«ሰው ቢጠይቅህ ለስንቅ መጣሁ በል» አለ አያ ላቀው፣ ነፋሱ ቃሉን እንዳይወስድበት ወደ ልጁ ጆሮ ጠጋ ብሎ። «ፊትህንም አትጣለው። እኔን እይ። እኔ ላይ ሐዘን ይነበባል?»

«አይነበብም፣ አያ ላቀው።»

«እንዴት ይነበባል? እኔ እኮ በደርግ ጊዜ የአንድ ክፍለ ጦር መርዶ ለአንድ አውራጃ የተናገርሁ ሰው ነኝ። አንዲት ጠብታ እንባ ሳላሳይ።»

በዚያ አገር መርዶ በዋዛ አይነገርም። ይዞ የመጣው ሰው ሲመሽ ሰርጎ ይገባል፤ ከቤቱ ሳይደርስ ከንስሐ አባት ዘንድ ያድራል። ሲነጋጋ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጅ ይቆማሉ። ቃል አያስፈልግም። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ደጇ ላይ ቆሞ ያየች እናት ራሷ ታውቀዋለች። ቃሉን ከሰው አፍ ሳትሰማ ታለቅሳለች፤ ምሕረቱም እሱ ነው።

ጭንቅ ከሚባለው ማረፊያ ሲደርሱ አብዮት ሞተሩን ሊያበርድ ቆመ። ጉሙ ረጃጅሞቹን የጅብራ ተክሎች እስከ አንገታቸው ውጧቸዋል። መንገደኛው ሁሉ ወርዶ እግሩን ሲያፍታታ የሺዋስ አያ ላቀውን ከመኪናው ጀርባ ያዘው።

«አያ ላቀው፣ እኔ ዋና አልችልም።»

«ማን ይችላል? ከማራኪ የምችል እኔ ብቻ…» ብሎ ጀመረና አያ ላቀው ቃሉን ሳይጨርስ ቆመ።

ይህን ለመረዳት የልጁን ዝና ማወቅ ያስፈልጋል። የሺዋስ የእህል ነጋዴ ልጅ ነው፤ በሕይወቱ ያየው ትልቁ ውኃ የአባቱ ግቢ በርሜል ነው። ግን የክፍሉ ፕላዝማ ቴሌቪዥን በጠፋ ቁጥር (ሲሠራም ያ ፈጣን እንግሊዝኛው ከመጥፋት አይሻልም ነበር) ተማሪውን የሚያጫውተው እርሱ ነበር። በወሬው ከጎርጎራ ተነሥቶ ጣናን በዋና አቋርጦ ዘጌ ገባ። ሲመለስ ሰልችቶት ጉማሬ ላይ ተቀመጠ። ክፍሉ በሳቅ ይፈነዳል፤ ማንም አያምነውም፤ እሱም እንዲያምኑት አይደለም የሚያወራው። ያመነው እንግዳው ብቻ ነው። ደጋ ላይ ያደገ፣ ከጉልበቱ በላይ ውኃ ውስጥ ቆሞ የማያውቅ ልጅ፤ ማታ ፍራሹ ላይ ተጋድሞ «እውነት ጉማሬው ቆዳው ያዳልጣል?» እያለ ይጠይቀው ነበር። የሺዋስም ያን ጊዜ «ቀልድ ነው» ሊል ይችል ነበር። አላለም። የሚያምን ሰው ማግኘት ደስ ይላል።

በዚያ ቅዳሜ ቀሃ ወርደው ልብስ ሲያጥቡ የየሺዋስን የደንብ ልብስ ሱሪ ውኃው ወሰደው። «የሰኞውን ፈተና በምን ልገባ ነው?» አለ የሺዋስ፣ ዳር ቆሞ። ሱሪው ማዶ ካለ ቋጥኝ ላይ ተጠምጥሟል። እንግዳው የራሱን ሱሪ እስከ ጭኑ ጠቅልሎ እየሳቀ ገባ። «ብወድቅ አንተ አለህ» አለ። ከላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ደራሹ ጎርፍ መጣ።

አያ ላቀው ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ ሌላ የሰማ ሰው እንዳለ ግራና ቀኝ አየ።

«እናቱ ፊት ቆሜ ልነግራት ነው የመጣሁት» አለ የሺዋስ።

«ስማኝ። እማዋይሽ ዳኛው የሚባል ወንድም አላት። ክላሹን ከሚስቱ አብልጦ የሚያቅፍ ሰው ነው። ይህን ስትነግረው ዋና አለመቻልህን አይሰማም፤ ሱሪህን ነው የሚሰማው። የእህቱ ልጅ በአንድ ሱሪ ሞተ ብሎ ነው የሚነሣ። አፍህን ለእኔ አደራ ስጠኝ።»

አብዮት ጥሩንባውን ነፋ፤ ሁሉም ወደ ጭነቱ ወጣ።

አብዮት የቧሂትን ተራራ ተሻግሮ ቁልቁል ሲለቃት እንደዚያ ቀን ፈጥኖ ነድቶ አያውቅም። ሌላ ጊዜ ሲመሽ የሚገባ መኪና ገና ገበያው ሳይበተን መካነ ብርሃን ደረሰ። መርዶ ነጋሪ በቀን ገበያ መካከል ሲወርድ ታይቶ አያውቅም። አያ ላቀው ከሸራው ሥር ሊደበቅ ሞከረ፤ ግን ያን የሚያህል ሰውነት የሚደብቅ ሸራ ጃፓን ገና አልሠራችም።

«የሺዋስ! የሺዋስ አይደለህም?»

እማዋይሽ ናት፤ ልጇን ልትጠይቅ ጎንደር በወረደች ጊዜ የሺዋስን አይታዋለች። የበግ ፀጉር በክንዷ ታቅፋ በሰው መካከል እየሰነጠቀች መጣች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ የሚንሸራተት ሴት። ልጁን ጎትታ አውርዳ ግራና ቀኝ፣ ደግሞ ግራ ሳመችው።

«ምነው ብቻህን? ልጄስ?»

አያ ላቀው ከላይ ጉሮሮውን ጠረገ። የሺዋስ «ደኅና ነው» ቢል ይበቃው ነበር። መርዶ የያዘ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው፤ ማንም በኋላ አይወቅሰውም። ግን ሴትዮዋ ዓይኑን ትኩር ብላ አየችው፤ ዓይኑም ሊሸሽ ሆነ። ሲደነግጥ ደግሞ አፉ አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው።

«ፈተና ላይ ነው። አንደኛ ወጥቷል።»

«ከክፍሉ?»

«ከትምህርት ቤቱ።»

«ኧረ በእመቤቴ!»

«ሽልማት ሊሰጡት ስለሆነ ነው የቀረው። ከባሕር ዳር ሹማምንት መጥተው። እጁን ጨብጠውታል።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ይታየዋል፤ ሊመልሰው ግን አይችልም። ዳገት ላይ ፍሬን እንደከዳው መኪና ነው። እማዋይሽ የታቀፈችውን ፀጉር ጥላ እልል አለች። ድንች የምትሸጠው፣ ጌሾ የምትሸጠው፣ ቆዳ ይዞ የተቀመጠው ሽማግሌ ሳይቀር «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» አሉ። «የእንግዳው እናት የምሥራች ሰማች!» ተባለ። እልልታው ገበያውን ዞሮ እንደገና ወደ የሺዋስ ተመለሰ።

«አንተን ነው የማመሰግን» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያ የጎንደር ወንዝ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ውኃ ዳር እንዳትደርስ ብዬ ገዝቼው ነበር እኮ። በፋሲካ ሲመጣ ‹እማ፣ የሺዋስ እኮ ጣና ላይ ነው ያደገ፤ ብወድቅ ያወጣኛል› ብሎ ቢምልልኝ ነው ግዝቴን ያነሣሁለት። ሸጋ ልጅ። ዛሬ ከእኔ ዘንድ ነው የምታድር።»

አያ ላቀው ዘሎ ወረደ። «አይሆንም እማዋይሽ፣ ቄስ ወልደኢየሱስ ዘንድ የግንብ ጉዳይ አለብን። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ከእኔ በቀር የሚሠራ ጠፋ አሉ።»

«እንግዲያ ጠዋት ስንቁን አስይዘዋለሁ። ለአንደኛ ልጅ ሽሮ ብቻ አይላክም።»

ቄስ ወልደኢየሱስ የእማዋይሽ የንስሐ አባት ናቸው። እልልታውን ከቤታቸው ሆነው ሰምተው ነበር። ነገሩ ሲነገራቸው መቁጠሪያቸውን አስቀምጠው የሺዋስን ብቻ አዩት። አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ፤ ዳኛውም ከነክላሹ ከታች ቀበሌ ተጠርቶ መጥቷል። ከመሄዳቸው በፊት ቄሱ «ልጁ እንዴት ሞተ? ለእናቱ የምንለውን እንወቅ» ብለው ጠየቁ። የሺዋስ አፉን ሊከፍት አያ ላቀው እግሩን ረገጠው።

«ጎርፍ ነው፣ አባቴ። ደራሽ። ይሄ ልጅ የጣና ዋናተኛ ነው፤ ሦስት ጊዜ ገባ። በሦስተኛው የእንግዳውን እጅ ይዞ ነበር፤ ውኃው ቀማው። ራሱንም ሊሞት ሲል ነው ያወጣነው። እኔ ነኝ በገመድ የጎተትሁት።»

ዳኛው ክላሹን ከትከሻው አውርዶ መሬት አስቀመጠ። ቀርቦም የሺዋስን ግንባሩን ሳመው። ጢሙ ልጁን ወጋው። የሺዋስ በሕይወቱ የተሳመው መሳም ሁሉ ከዚያ ወዲያ ይህንኑ መሰለው።

ወጡ። ጭጋግ ነበር። እማዋይሽ ቀድማ ተነሥታ ደጇ ላይ ተንበርክካ የስንቁን ከረጢት አፍ በገመድ ታጠብቃለች። የገብስ ድርቆሽ፣ ቅቤ በቅል፣ ማር በጠርሙስ። ቀና አለች። ሽማግሌዎቹን አየች፤ ነጠላቸው መዘቅዘቁን አየች። ሁሉም ቆሙ፤ ጩኸቱን ጠበቁ። በዚያ አገር ከአባት ከአያት ጀምሮ እንዲህ ነበርና።

እማዋይሽ ግን ሣቀች።

«ለምሥራቹ ነው? ምነው እንዲህ በማለዳ! ነጠላውስ ምነው፣ በጨለማ ነው የለበሳችሁት? ግቡ፣ ግቡ። ዳኛው፣ አንተም ሰምተህ መጣህ? ጠላው ገና ነው፤ እኔ ምን አውቄ። አንደኛ ልጅ ያላት ሴት ጠላ ጠምቃ መጠበቅ ነበረባት።»

ማንም አልገባ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እማዋይሽ ወንበር ልታወጣ ገባች፤ ከውስጥ ሆና ሳይቀር «አባቴ፣ ባርኩልኝ እንጂ» ትል ነበር። አንድ ወንበር፣ ከዚያ ሌላ ወንበር ይዛ ወጣች። ሦስተኛውን ልታመጣ ስትል ቄስ ወልደኢየሱስ እጇን ያዙ። በሠላሳ ዓመት ክህነታቸው አድርገውት የማያውቁትን በቃል ተናገሩ።

«እማዋይሽ፣ ልጅሽ አርፏል።»

እኔ የጎንደርን ለቅሶ ሁሉ አውቃለሁ እላለሁ። አፌን ሞልቼ የማልናገረው የዚያችን ሴት ድምፅ ብቻ ነው።

እኩለ ቀን ሲደርስ ደጁ ከሦስት ደብር በመጣ ሰው ተሞላ። አያ ላቀው ያወራው ሦስት ጊዜ መግባት በየአፉ ሲዞር አምስት፣ ከዚያም ሰባት ሆነ። ካሣዬ የምትባል ስመ ጥር አልቃሽ ነበረች፤ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ደረቷን እየመታች ወሬውን ሙሾ አደረገችው።

«ጓደኛማ ነበረው ከጣና የመጣ፣
ሰባቴ የጠለቀ ወንድሙን ሊያወጣ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። እማዋይሽ ከመሬት ተነሣች፤ ፀጉሯ ላይ አፈር አለ። በሰዉ መካከል እየተደናቀፈች መጥታ የየሺዋስን ሁለት እጅ ያዘች፤ መዳፉን ገልብጣ ትስመው ጀመር። «ይሄ እጅ ነው ልጄን የያዘው» አለች። «የመጨረሻውን የነካው ይሄ ነው።»

የሺዋስ እጁን ነጠቃት።

«አልያዝሁትም» አለ።

«አልቻልክማ፤ ውኃው ቀማህ…»

«አልገባሁም። አንድ ጊዜም አልገባሁም። ዋና አልችልም። ጣናን አይቼው አላውቅም።»

የካሣዬ ድምፅ እንደተቀደደ ከበሮ ተቆረጠ። አያ ላቀው ከወንዶቹ መካከል «ሐዘኑ ነው፣ ልጁ ከሐዘኑ ብዛት…» ማለት ጀመረ።

«ዝም ይበሉ፣ አያ ላቀው። ጭንቅ ላይ ነግሬዎታለሁ።» ልጁ ወደ እማዋይሽ ዞረ። «የገባው የእኔን ሱሪ ሊያወጣልኝ ነው። ዋና እችላለሁ ብዬው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሽቼዋለሁ። አንደኛ ወጣ ያልሁዎትም ውሸት ነው። ፈተናው ሰኞ ነበር፤ እሱ ቅዳሜ ሞተ።»

ዳኛው ተነሣ። ክላሹ በእጁ ነው። ሰዉ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ሸሸ። የሺዋስ አልሸሸም።

«ተቀመጥ» አለች እማዋይሽ፣ ወንድሟን ሳታይ።

«እታለም…»

«ተቀመጥ አልሁህ። ጥያቄ አለኝ።»

ዳኛው እንደቆመ ቀረ። እማዋይሽ ነጠላዋን ከዓይኗ ገለጠች።

«ጠራህ?»

የሺዋስ የፈራው ይህን ነበር። ጎንደር ላይ ፖሊስም አልጠየቀው፣ የክፍል ኃላፊውም አልጠየቀው፣ አያ ላቀውም አልጠየቀው።

«ጠራኝ።»

«ምን ብሎ?»

«በስሜ።»

«አንዴ ነው?»

«ብዙ ጊዜ።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ዳር ላይ። ቆሜ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ የጎደላት ነገር እንደ ተሞላላት ሰው፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ነጠላዋን መልሳ ፊቷ ላይ ጣለች።

«አሁን ሂድ። ለአርባው ና። ከአርባው በፊት ዓይንህን እንዳላየው። በአርባው ግን ካልመጣህ እኔ እመጣለሁ።»

ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ማንም አልነካው። እንደ ረመጥ በማይነካው ሰው መካከል ማለፍ ቧሂትን በእግር ከመውጣት ይከብዳል። በሩን አልፎ ሲወርድ ከኋላው የሌላ ሰው እርምጃ ሰማ፤ አያ ላቀው ነው። ነጠላውን አፉ ላይ ጠምጥሟል። ሸለቆው ዳር ሲደርሱ አያ ላቀው «ደጅ ላይ ከጎንህ ልቆም ብዬ ነበር፤ ክላሹን ፈራሁ» አለ።

ከታች ሴቶች መጡ። ከሩቅ ደብር ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዳገቱን እየቃተቱ ይወጣሉ። ከፊት ያለችው፣ ረጅም ምርኩዝ የያዘችው፣ ሁለቱን ስታይ ቆመች።

«ከለቅሶው ነው? ምስኪን እማዋይሽ። ልጁ እንዴት ሞተ አሉ?»

አያ ላቀው ነጠላውን ከአፉ ገለጠ። ከልማዱ አፉ ሊከፈት ሲል የልጁን ፊት አየና መልሶ ሸፈነው።

«ዋና ይችላል ብሎ ያመነው ጓደኛው አብሮት ነበር» አለ የሺዋስ። «ጓደኛው አይችልም ነበር። ጠራው፤ አልገባለትም።»

«ውይ! ማነው እሱ? አፈር ይብላውና፣ የማን ልጅ ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ምርኩዟን ወደ ራሷ ሰበሰበች። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል አለ። ሴቶቹ አንድ በአንድ፣ ጀርባቸውን ለተራራው ሰጥተው፣ ልብሳቸው እንዳይነካው ነጠላቸውን በእጃቸው ይዘው አለፉት። እሱም ሁሉም እስኪያልፉ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ መንገዱን ለቀቀላቸው።